ሁለተኛው ማድ ቤት

ባለፈው ሰኞ ከእኔ በታች ያለው ቤት ሊሸጥ ነው ተብሎ ደላላ ፎቶ ሊያነሳ መጣ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው እንደሚያውቀው እዚህ በር ክፍት ከሆነ ደረጃ የሚወጣው ሁሉ ያያል፤ እኔም ዳቦዬን ይዤ ቆምኩ። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ስልኩን አውጥቶ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቆመና ሦስቴ አራቴ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ክፍሉ ጥቁር፣ መስኮቱ ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ ሳላየው አውቄዋለሁ። ዝም ብዬ ባልፍ ይሻል ነበር።

"መስኮቱን ከጀርባህ ብታደርገው" አልኩት።

"ማዘር፣ ስልኩ ራሱ ያስተካክለዋል።"

"መስኮቱ ላይ የተሰጣው ልብስስ?"

"እሱንም ያጠፋዋል" ብሎ ሳቀ። "ምነው ማዘር፣ ፎቶ ቤት ነበረዎት እንዴ?"

አልነበረኝም አልኩት። የነበረኝ ሥራ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚተረክ ስላልሆነ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ መሥሪያ ቤቱም በዚያ ስሙ የለም። ቢሆንም ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው እያነሰ ስለሄደ፣ አንድ ጥፋትም ስላለብኝ፣ እጽፈዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወርሶ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያቺን አንዷን መሸጥ ክልክል አልነበረም። ሻጩ ግን መጀመሪያ ለመንግሥት ማስታወቅ አለበት፤ መንግሥት እገዛለሁ ካለ ቅድሚያው የእሱ ነው፤ አልፈልግም ሲል ነው ለሌላ ገዢ የሚፈቀደው። የሚወስነው ኮሚቴ ከተማ መሃል ተቀምጦ ስለሆነ ቤቱን በዓይኑ አያየውም። የሚያየው ፋይሉን ነው። ፋይሉ ውስጥ የመሐንዲሱ ልኬት፣ የሻጩ ማመልከቻና ስምንት ፎቶግራፎች አሉ። ገዢውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው ስለነበረ በፎቶው ተማምኖ ነበር ቀብድ የሚያስይዘው። ስምንቱን ፎቶግራፎች የማነሳው እኔ ነበርኩ፤ ከሳሪስ እስከ መካኒሳ፣ ከቄራ ማዶ እስከ ላፍቶ። ዛሬ የምኖርበት ጀሞ ያኔ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ስለነበረ ፎቶ የሚነሳ ቤት አልነበረበትም።

መሥሪያ ቤቱ የገባሁት በጽዳት ሠራተኛነት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የሠፈሬ ልጆች እያስተማሩኝ ነው። ከዚያ በማታው ክፍል ቀጠልኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያየውን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ግዴታው ይመስለዋል፤ እኔም የሱቅ ታፔላ፣ የክብሪት ቀፎ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መፈክር ሳላነብ አላልፍም ነበር። አንድ ቀን የፎቶ ማጠቢያውን ጨለማ ክፍል ስጠርግ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጠርሙሶች በቀስታ ድምፅ አውጥቼ አነባለሁ። ባለሙያው፣ ጋሽ ዘውዱ፣ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

"ሦስተኛው ምን ይላል?" አሉኝ።

"ከብርሃን ይጠበቅ። ክዳኑ ይጥበቅ።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔ ራሴ ግን ካደረ አላነበውም" አሉ። "የእኔን ጽሕፈት ካነበብሽ ነጋቲቭ ማንበብ አያቅትሽም።"

በሁለት ወር ውስጥ ደብዳቤ አጽፈው ረዳታቸው አደረጉኝ። ደመወዙ ከጽዳት የሚበልጠው ለመጽሐፍ መግዣ በሚሆን ብቻ ነበር፤ አልከፋኝም።

ጋሽ ዘውዱ ከአብዮቱ በፊት የሠርግ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ በጋም ክረምትም ካንድ ግራጫ ካፖርት የማይለዩ። ሙሽራ ትንቀሳቀሳለች፣ ቤት ግን አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ቤት ደብዝዞ ከወጣ ጥፋቱን የምታላክኪበት ሰው የለሽም ይሉኝ ነበር። አንድ ቤት ስንደርስ ካሜራውን ከቦርሳ አያወጡም። መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን ቤቱን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። ባለቤቱ ተጨንቆ ከኋላ ከኋላ ይከተላል፤ እሳቸው ምንም አይናገሩም። በመጀመሪያው ዙር ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ፣ በሁለተኛው ዝናብ ከየት እንደሚመታው ያያሉ። ሦስተኛው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ቤቱ እኛን እንዲለምደን ነው አሉኝ። ቀልድ ይሁን አይሁን ፊታቸው አያስታውቅም።

ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠ ቤት በጠዋት ይነሳል። ነገር ግን የቆርቆሮ ክዳን እርቃኑን ፀሐይ ከመታው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ደግሞ ይጠቁራል። ስለዚህ ስስ ደመና እስኪያልፍ እንጠብቃለን፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ። ቤቱን ከፊት ለፊት አናነሳም፤ ፊት ለፊት የተነሳ ቤት እንደ መታወቂያ ፎቶ ጥልቀት የለውም። ከማዕዘኑ ቆመን ሁለት ግድግዳ አንድ ላይ እንይዛለን። ጋሽ ዘውዱ ከግንበኛ የገዙት ትንሽ ውሃ ልክ ነበራቸው፤ እሱን ካሜራው ጀርባ ላይ አጋድመው አረፋዋ መሃል ካልቆመች አያነሱም። ካሜራ ወደ ላይ ቀና ካለ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ቤቱ ሳይወድቅ አንቺ አትጣይው ይሉ ነበር። ሰፊውን ሌንስ ከመሣቢያ አውጥተው ያውቃሉ ብዬ አላስታውስም። ጠባብ ሳሎን ሰፊ ያስመስላል፣ ገዢው ሶፋውን ይዞ ሲመጣ ነው ውሸቱ የሚታወቀው።

ክፍል ውስጥ ስንገባ ፍላሽ አንጠቀምም። አንድ መስኮት ከፍተን፣ የባለቤቷን ነጭ አንሶላ ተውሰን፣ ከፎቶው ውጭ አስይዘን ብርሃኑን ወደ ጨለማው ማዕዘን እንመልሰዋለን። ከዚያ ካሜራው ባለ ሦስት እግሩ ላይ ሆኖ ለብዙ ሰከንድ ይከፈታል። እሳቸው ሰዓት አያዩም፤ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ለሳሎን እስከ "ሲሳየነ"፣ ለጓዳ እስከ መጨረሻው። መሥሪያ ቤቱ ጸሎት የሚደገምበት ስላልነበረ ከንፈራቸውን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። እኔ ቁጥር ነበር የምቆጥረው፤ ከእሳቸው እኩል የምጨርስበት ቀን እንዳለ ሁሉ ፎቶው ደብዝዞ የሚወጣብኝም ቀን ነበር።

ሌላው ልማዳቸው መጥረግ ነው። ቆሻሻው የባለቤቱ ነው፣ ስንጥቁ ግን የቤቱ ነው ይላሉ። አልጋ ሥር የታጎረውን ጄሪካን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ልብስ ያስነሳሉ፤ ግቢው አቧራ እንዳይመስል ውሃ ያስረጫሉ። የተሰነጠቀ ግድግዳ በመጋረጃ ሊሸፍን የሚሞክር ባለቤት ሲያጋጥም ግን መጋረጃውን ራሳቸው ሰብሰብ አድርገው ያነሳሉ። አንድ ጊዜ ላፍቶ፣ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ገበሬ ቆርቆሮ ቤታቸውን ሊሸጡ ጠርተውን በሬያቸውን አምጥተው በሩ ላይ አቆሙት። ጋሽ ዘውዱ በሬው ይነሳልን ቢሏቸው፣ "በሬው ከሌለ ቤቱ ምኑ ነው? በሬው አይደለም እንዴ የሠራው?" አሏቸው። ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ አንድ ፎቶ ከነበሬው ተነሳ፣ ለኦቦ ገመዳ ለራሳቸው። ለፋይሉ የተነሳው ላይ ግን የበሬው ጅራት ጫፍ በቀኝ በኩል ቀርታለች፤ ኮሚቴው ምንድነው ብሎ ጠይቆን ነበር።

ጋሽ ዘውዱ ከፎቶው ጀርባ የፋይሉን ቁጥር ብቻ ነበር የሚጽፉት። እኔ ከዚያ በላይ መጻፍ ስጀምር አልወደዱትም። ፎቶው የሚናገረውን ይናገር፣ አንቺ አትጨምሪበት አሉኝ። ጽሕፈታቸው ስለማይነበብ ነው ብዬ ናቅኳቸው። የክፍል ኃላፊያችን ጓድ ታደለ ደግሞ መግለጫዬን ወደደው። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ፈጣን፣ ቅን፣ ሁሉ ነገር ቅጽ ላይ እንዲሰፍር የሚፈልግ ሰው ነበር። የማይነሳ ክፍል የለም፣ የማይጻፍ ነገር የለም የሚለው እሱ ነው። በስብሰባ ላይ ከፎቶዎቼ አንዱን ገልብጦ ጀርባውን አነበበና ሥራ ማለት እንዲህ ነው አለ። ከአምስት ዓመት በፊት ስሜን መጻፍ የማልችል ሰው ነበርኩ። ያን ቀን በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት፣ አውቶቡስ ውስጥ መጋፋት ደስታዬን የሚቀንስብኝ መስሎኝ።

ጋሽ ዘውዱ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርዳቸው መስክ መውጣት ተዉና ጨለማ ክፍል ቀሩ። እኔ ብቻዬን መውጣት ጀመርኩ። በዚያው ዓመት ነው መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የእትዬ አስካለ ቤት የተላኩት።

እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ድሬዳዋ ተመድባ ትሠራ ነበር፤ ወልዳ አልጋ ላይ ቀርታለች፣ የሚያስታምማት የለም። ቤቱን ሸጠው ሄደው እዚያው ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ነው። ገዢ አግኝተዋል፣ አንድ መምህር፤ የቀረው የእኛ ፋይል ነው። ይህንን ሁሉ በር ላይ ነገሩኝ፤ ፈጥነሽ ጨርሺልኝ ለማለት ነው።

ቤቱን ለፎቶ አሰናድተውት ነበር። ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል፣ መጋረጃው ታጥቧል። የፊተኛው ቤት ሦስት ክፍል ነው፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጎኑ ላይ ማድ ቤት አለው። ከኋላ አንዲት የሰርቪስ ክፍል አለች፤ የራሷ በር አላት፣ ከጎኗ ደግሞ በቆርቆሮ የተከለለች ትንሽ ማድ ቤት። ሰርቪሷ ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሰላም ብያቸው ለእኔ መለሱ፤ እትዬ አስካለን ቀና ብለው አላዩም፣ እትዬ አስካለም እሳቸውን።

ሰባቱን አነሳሁ። ወደ ኋላ ስዞር እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ።

"ያቺ ማድ ቤት ትቅር፣ እባክሽ ልጄ።"

"ለምን?"

"ምንም የላትም። ጉልቻ ብቻ ናት።"

"ቅጹ ማንኛውም ክፍል ይላል እትዬ" አልኳቸው።

ክንዴን ለቀቁኝ። ሌላ አልጨመሩም። ዝምታቸውን ተከራይ የደበቀ ሰው ዝምታ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ያኔ ግለሰብ ቤት ማከራየት አይችልም፤ የሚያከራይ ቢኖር ተደብቆ ነው። ድብቅ ነገር ማጋለጥ ሥራዬ አልነበረም፤ ነገር ግን ተታለልሽ መባልም አልፈልግም ነበር። ማድ ቤቷን አነሳኋት። ከስምንቱ እሷ ነበረች ጥሩ የወጣችው። ጉልቻው ላይ ድስት ተጥዷል፣ ጭሱ በክዳኑ ሥር እየሾለከ ይወጣል፣ የሰርቪሷ በር በግራ በኩል ገርበብ ብሎ ይታያል። አመዱ እንኳ ለየብቻ ይቆጠራል።

መሥሪያ ቤት ገብቼ ካጠብኩት በኋላ ጀርባው ላይ ጻፍኩ፦ ሁለተኛ ማድ ቤት። የራሱ መግቢያ ያለው። እሳት የሚነድበት።

የመጨረሻዋን ሐረግ ወድጃት ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ውሳኔው መጣ። በግቢው ራሱን የቻለ፣ ሊከራይ የሚችል ሁለተኛ መኖሪያ ስለተገኘ የኋለኛው ክፍል ትርፍ ቤት ሆኖ ለቀበሌው ይተላለፍ ይላል። መምህሩ ይህንን ሲሰማ ተወው፤ የቀበሌ ተከራይ ያለበት ግቢ ማን ይገዛል? እኔ ይህንን የሰማሁት እትዬ አስካለ ጠረጴዛዬ ፊት መጥተው ሲቆሙ ነው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

"ተከራይ ያልሻቸው ሴትዮ አማቴ ናቸው" አሉኝ።

"ተከራይ አላልኩም" አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

"አላልሽም። እሳት የሚነድበት ነው ያልሽው።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?"

"ባሌ ሞቶ ከእናቱ ጋር እሳት ተለያይቻለሁ ብዬ ለመንግሥት ሰው ልንገር? ለንስሐ አባቴስ መቼ ነገርኩ?"

ከዚያ ተቀምጠው ነገሩኝ። ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሲሞት እናቱ እማማ ብዙነሽ አገር የሚጠራበት ተዝካር ይደገስለት አሉ፤ እትዬ አስካለ ደግሞ ያለችው ጥሪት ለልጅቷ ትምህርት ትሁን ብለው ቆረጡ። እማማ ብዙነሽ በአርባው ማግስት ሦስት ድንጋይ ለቅመው ከሰርቪሷ ጎን ጉልቻ ጎለቱ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ባንድ ግቢ፣ በሁለት እሳት። አይነጋገሩም። ታዲያ ቤቱ ቢሸጥ እሳቸው የት ሊሄዱ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ከእኔ ጋር ነዋ" አሉ፣ ጥያቄው ገርሟቸው። "ሌላ ማን አላቸው?"

እንደወጡ ወደ ጨለማ ክፍል ሄድኩ። ጋሽ ዘውዱ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ እንደገና አርቀው፣ ረጅም ጊዜ አዩት። ገልብጠው አነበቡት። የእኔን ጽሕፈት ለማንበብ አልተቸገሩም።

"ጥሩ ፎቶ ነው" አሉ። "ጽሑፉም ጥሩ ነው።" ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። "ቤቱን ስንት ዙር ዞርሽ?"

አልዞርኩም ነበር። ጊዜ አልነበረኝም፣ ቤቶቹ ብዙ ነበሩ፣ ሦስት ቤት በቀን ነበር የሚሰጠኝ። ይህንን ሁሉ ልላቸው አስቤ ተውኩት። እሳቸውም አላፋጠጡኝም፤ ዞረው ፊልማቸውን ማጠብ ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ የጻፍሽውን በጽሑፍ መልሺው እንጂ እኔ ጋ ምን ያቆምሻል አሉኝ።

የይግባኝ ማመልከቻውን ለእትዬ አስካለ እኔ ጻፍኩላቸው። ሁለቱ ሴቶች ምራትና አማት መሆናቸውን፣ ክፍሏ ተከራይታ እንደማታውቅ፣ ሠራተኛዋ ማለትም እኔ ሳላጣራ መጻፌን አስፍሬ ስሜን ፈረምኩ። ጓድ ታደለ አንብቦ ለማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ራስሽን እያመቻቸሽ ነው አለኝ፤ ደብዳቤውም ደረሰኝ፣ ፋይሌ ውስጥ አለ። ማመልከቻውን ግን አልቀደደውም። ኮሚቴው በቦታው ተገኝቶ ይጣራ አለና እሱን ከሁለት ሰዎች ጋር ላከው። እኔም ተከተልኩ።

እማማ ብዙነሽ እንደ ልማዳቸው ደጃፋቸው ላይ ናቸው። እትዬ አስካለ በረንዳው ምሰሶ ጋ ቆመዋል። ጓድ ታደለ ጎንበስ ብሎ በትሕትና ጠየቃቸው። ይህንን ልመሰክርለት ይገባል፤ ሊያጠምዳቸው አልፈለገም።

"እማማ፣ ይህቺ ሴት ምንዎ ናት?"

"የልጄ ሚስት ነበረች።"

"አሁንስ?"

"ልጄ ሞቷል።"

"የሚበሉት ከማን ጋር ነው?"

"ብቻዬን።"

"ኪራይ ይከፍላሉ?"

"ልጄ በሠራው ቤት ምን ኪራይ አለ?" አሉና ተቆጡ።

ጓድ ታደለ ቀና ብሎ እትዬ አስካለን አያቸው። አንድ ነገር ቢሉ ሊጽፍ ብዕሩን ይዟል። "እውነታቸውን ነው" አሉ እትዬ አስካለ።

ኪራይ አለመኖሩ ተመዘገበ፤ ሁለት ቤተሰብ መሆናቸውም ተመዘገበ። ኮሚቴው ሁለተኛውን ያዘ። ክፍሏ የቀበሌ ሆነች፣ በሯ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈባት፣ እማማ ብዙነሽም ልጃቸው በሠራው ቤት ለቀበሌ ኪራይ መክፈል ጀመሩ። የመናገር ዕድል የተሰጣቸው ሁለት ሴቶች አንዲት ቃል ሳይዋሹ ክፍሏን እንዳጡ ቆሜ አየሁ። ያን ጥያቄ ግን ያመጣባቸው የእኔ ፎቶ ነው። ሌላ ሰው ላይ ላላክከው ሞክሬ አውቃለሁ፤ አልሆነልኝም።

ልጅቷ ባሰባት። እትዬ አስካለ ቤቱን መሸጥ ስላልቻሉ ዘግተውት መሄድ ሊኖርባቸው ነው፤ ባለቤቱ ትቶት የሄደ ተዘግቶ የከረመ ቤት ደግሞ ቀበሌ ሊረከበው ይችላል። ልጅ ወይስ ቤት ነበር ምርጫው። እሳቸው በኋላ እንደነገሩኝ፣ የሚሄዱ ቀን ጠዋት የፊተኛውን ቤት ቁልፍ ወስደው እማማ ብዙነሽ ደጃፍ፣ የምስሩ ሰፌድ አጠገብ፣ መሬት ላይ አስቀመጡት። አሮጊቷ እየለቀሙ ነበር። አላነሱትም፣ አልገፉትምም። እትዬ አስካለ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው ሄደዋል የተባሉ ቤቶች ዝርዝር ከቀበሌዎች መጣ። የመካኒሳው ገጽ ላይ የእትዬ አስካለ ቤት አለ። ባለቤቱ በቤቱ ይኖራል፣ አይኖርም የሚል ቅጽ ሞልቼ ከፎቶ ጋር እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ለሌላ ይሰጥልኝ ማለት እችል ነበር። ሌላው ሰው ግን ቤቱን አያውቀውም።

የቀበሌው ተወካይ፣ አቶ በቀለ የሚባል ወፍራም ሰው፣ በር ላይ ጠበቀኝ። ካሜራውን ሳላወጣ ግቢውን ዞርኩ፤ እሱ ምን ጠፋብሽ እያለ ተከተለኝ። የሰርቪሷ ደጃፍ ባዶ ነው። የፊተኛው ቤት በር ተከፍቷል። እማማ ብዙነሽ ሳሎን ውስጥ፣ ስምንት ዓመት ባልገቡበት ቤት፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

"እትዬ አስካለ የሉም?" አልኳቸው።

"አለች።"

"የት ናቸው?"

"ወፍጮ ቤት ሄዳለች።"

አቶ በቀለ ከኋላዬ ተነፈሰ። "እማማ፣ ባለፈው ሳምንትም ወፍጮ ቤት ናት ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ወረፋው ረጅም ነው" አሉት።

አቶ በቀለ መሳቅ የጀመረው ከእኔ በኋላ ነው ወይስ ከእኔ በፊት፣ አላስታውስም። በረንዳ ላይ ልጠብቅሽ ብሎ ወጣ። መስኮቱን ከጀርባዬ አደረግኩና ባለ ሦስት እግሩን ዘረጋሁ። ሳሎኑ ተጠርጓል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቧል። ወደ መኝታ ቤቱ በሚያስገባው በር ላይ የእትዬ አስካለ ነጠላ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የቤት ጫማቸው ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ አሁን አውልቀውት የወጡ ይመስል። በካሜራው ውስጥ ሳየው ግን ጫማው ላይ አቧራ አለ፤ ነጭ ብሎ ይታያል። ማንም የሚያስተውለው አይመስለኝም ነበር፤ ኮሚቴው ግን የበሬ ጅራት ያስተዋለ ኮሚቴ ነው። ሄጄ በመሐረቤ ጠረግኩት። እማማ ብዙነሽ አዩኝ። ከዚያ ተመልሼ አነሳሁ።

ቅጹ ላይ "ይኖራል" የሚለውን አከበብኩ። በሥራ ዘመኔ አውቄ የጻፍኩት ውሸት ያ ነው፤ ሁለተኛ የለውም። እትዬ አስካለ በአምስተኛው ወር ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ይዘው እስኪመለሱ ቤቱ በስማቸው ቆየ። ኋላ የሽያጩ ቁጥጥር ሲላላ ሸጡት፤ ያን ጊዜ ፎቶውን ያነሳው ሌላ ሰው ነው። እኔ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሬ ነበር።

ያን ቀን የሆነውን ልጨርስ። ዕቃዬን ስሰበስብ እማማ ብዙነሽ ምን ብለሽ ጻፍሽ አሉኝ። እትዬ አስካለ አሉ ብዬ ጻፍኩ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ደብዳቤ መጻፍ ትችያለሽ አይደል አሉኝ፤ የድሬዳዋው አድራሻ በጎረቤት በኩል ደርሷቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ሳህኖቹን ገፋ አድርጌ ወረቀት አወጣሁ።

"ቤቱ ደህና ነው በያት። ልጅቷን ሳታሽል እንዳትመጣ።"

ጻፍኩ። "ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ከማን ልበል?"

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ከጎረቤት በያት" አሉ።

እንዳሉኝ ጻፍኩ።